ረመዳን ፓይተንን ለምን ጠላው?

እንከን ሳያወጣ ምንም የማይመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ ሸሪክ ረመዳን እንደዚያ ነው። ፈረስ መጋላ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ሁለታችን ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ማለትም በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደምንሠራ በየቀኑ በርጫ ላይ ጫት እየቃምን እንመክራለን። ሞቅ ሲለን ፓይተንን እንመርጣለን፤ ምርቃናው ሲለቀን ረመዳን እንከን ያወጣለታል። ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንዲህ አያማርጥም።

ትናንት ደንበኛችን ሐጂ ዩሱፍ ታከታቸው። የቢሯችንን ደረጃ ስወጣ ረመዳንን ሲቆጡት ሰማሁ።

«የፋርማሲዬን ሥራ ለሌላ ልሰጥ ነው። ይህ ፓይተን የምትሉት ምን በደለህ፣ ልጄ?»

«ወላሂ ሐጂ፣ ምንም አልበደለኝም። ግን ሰሎሞን የሚያውቀው የድሮውን ፒኤችፒ ብቻ ነው። ፓይተን ከገባ እሱ ምን ሊሠራ ነው?»

ስሜን ስሰማ ቀስ ብዬ ወረድኩና፣ ትንሽ ቆይቼ እንዲሰሙኝ እየሳልኩ ተመልሼ ወጣሁ።

ዛሬ በርጫ ላይ ረመዳን እንደ ልማዱ ፓይተንን ማማት ሲጀምር፣ «ተው፣ መማር ጀምሬዋለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ይከብድሃል?»

«ይከብደኛል። አንተ ታስተምረኛለህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለፓይተን እንከን አላወጣለትም።