ተደራሹ መንገድ

የዝነኛው የአበባ ስፍራ ሥራ አስኪያጅ፣ ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በእናቴ ፊት፣ «ከስድስተኛ ክፍል የወደቀ!» ብለው ሰድበውኛል። ቀንና ሰዓቱን የያዝኩት ለቂም አይደለም፤ የታላላቅ ሰዎች ንግግር ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው። ለታሪክ ያህል ግን አልወደቅኩም፤ አቋረጥኩ።

እናቴ እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመቷ ነው። በአበባው ስፍራ ለዊልቸር የሚመች መንገድ ተሠራ ሲባል በሬዲዮ ሰምታ፣ «አበባውን አንዴ አሳየኝ፣ ከዚያ አላስቸግርህም» አለችኝ። አዲሱን ቀሚሷን አልብሼ ወሰድኳት። በር ላይ የትምህርት ደረጃ ሳይቀር የሚጠይቅ ቅጽ ሞላሁ። ለካ አበባ ለማየትም ደረጃ ያስፈልጋል።

አስጎብኚዋ «እንኳን ወደ አካታችና ተደራሽ የጉብኝት መስመራችን በደህና መጣችሁ!» ብላ አስገባችን። መንገዱን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። ጠጠር የለው፣ ደረጃ የለው፣ ጉድጓድ የለው። ልብ ብዬ ሳየው አበባም የለው። በግራ ግንብ፣ በቀኝ ግንብ።

«ልጄ፣ አበባው የታለ?» አለች እናቴ።

«ከግንቡ ወዲያ ነው እማማ» አለች አስጎብኚዋ። «ነፋስ ሲኖር ሽታው ይመጣል።»

«ዛሬ አለ?»

«ዛሬ እንኳ የለም።»

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁ ቅጼን ይዘው ደረሱ። ግንቡ በር ቢበጅለት ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መመሪያው ‹ምቹ መንገድ ይዘጋጅ› ይላል። አዘጋጀን። አበባ የሚል ቃል የቱ ጋ አየህ?»

«ሰው እዚህ የሚመጣው መንገድ ሊያይ ነው እንዴ?»

ቅጼን ገለጥ አደረጉና ያንን የማይረሳ ንግግር አደረጉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔን ቢሰድቡኝ ለምጄዋለሁ፤ የእሷ አንገት ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

መውጫው ላይ ሥራ አስኪያጁ መዝገብ ዘርግተው ጠበቁን። ፊታቸው ማር ሆኗል። «እማማ፣ ለሽልማት ታጭተናል። እንደ እርስዎ ያለ ጎብኚ አስተያየት ያስፈልገናል። ይናገሩ፣ እኔው እጽፋለሁ።»

እናቴ ቀና አለች። «መንገዳችሁ በጣም ያምራል» አለች። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ጻፉት። «አበቦቹን አንድ ቀን አምጥታችሁ መንገዱን አስጎብኟቸው።»

እስክሪብቶው ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ማለታቸው ነው?»

የእናቴን ዊልቸር እየገፋሁ ወጣሁ።