አጎቴ ሸቤ የሚያውቁት ቤት

ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፦ ምግብ ሲቀርብለት የሚበላና ምግብ ሲቀርብለት ሌላ ቤት ትዝ የሚለው። የመጀመሪያው ይወፍራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ሁለተኛው መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ይቀመጥና መንገድ ያሳያል። በእኛ የባሕር ጠረፍ፣ ከሞምባሳ እስከ ላሙ፣ ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድሏል። ለእኛ የደረሱን ክቡር አጎቴ ሸቤ ናቸው።

አጎቴ ሸቤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቀጭን ናቸው። ይህን የምጽፈው ለሐሜት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለሐሜት ነው፤ ዋናው ግን ስለ ምግብ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው እንዲህ መክሳቱ ለሰፈሩ ያልተፈታ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ክሬን ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። የሚያሟቸው ሰዎች ዕውቀታቸውን ያገኙት ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው የየመንደሩን የማድቤት ጢስ ሲያዩ ነው ይላሉ። ማን ዘይቱን ሳይቀይር እንደደገመ፣ ማን ኮኮናቱን ጧት እንደፋቀ፣ ማን ከትናንት እንዳተረፈ ከክቡርነታቸው የተሰወረ የለም።

ንግግራቸው አንዲት ናት። "ጥሩ ነው፤ ግን የተሻለ ቤት አውቃለሁ።" በቁጣ አይሏትም። ድምፃቸውን አለስልሰው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሐኪም የምርመራ ውጤት ሲናገር እንደሚያዝነው አዝነው ነው የሚሏት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሞምባሳ ነቅሎ ባሕሩን ሊያይ ይወጣል። መርከብ ያልፋል፣ ካሳቫ ይጠበሳል፣ በርበሬና ሎሚ ይደረግበታል፣ ሕዝቡም የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ተደርድሮ ይበላል። አጎቴ ሸቤ ከማያውቁት ሰው ኋላ ይቆማሉ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ቁራጭ ወደ አፉ ሲያነሳ "ልጄ" ይሉትና ያቺን ቃል ያስከትላሉ። የሰውዬው እጅ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከናይሮቢ ለእረፍት የመጡ ባልና ሚስት ካሳቫቸውን እዚያው ጥለው እሳቸውን ተከትለው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንዳደረሷቸው እስከ ዛሬ አልተሰማም። ካሳቫ ሻጯ በመጨረሻ መላ አገኘች። ለክቡርነታቸው ብቻ የሚሆን በርጩማ ገዝታ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙራ ታስቀምጣቸዋለች። አሁን የሚመክሩት የሚያልፉትን መርከቦች ነው።

መጠጡም አልቀረላቸውም። ሰጋጅ ናቸውና የኮኮናት ዛፍ ጠጅ በአፋቸው አይዞርም፤ ጠጪዎቹ ግን ሳያማክሯቸው አይቀዱም። ሁለት ሜትር ርቀው ያሸቱና የትናንት መሆኑን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬ ግን ዛሬ ጧት ያወረደው እንዳለ ተናግረው ያልፋሉ። ባለቤቱ ከኋላቸው ይራገማል፣ ጠጪዎቹ ወንዝ ይሻገራሉ። በአክስቴ ልጅ ሠርግ ደግሞ የሙሽሪትን አባት እጅ ይዘው ስለ ሩዙ ያቺኑ ቃል ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላም የሚባባሉት በአገጭ ነው።

ከእሳቸው ጋር ሽርሽር የወጣ ሰው ግን ሁሉን ያየ ነው። አንድ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ኪሊፊ ወጣን። ሄል ያለበት ብስኩት ከአተር ጋር የሚሸጥበትን ቤት አለፍን፤ የተሻለ አለ። የኦክቶፐስ ሾርባውን አለፍን፤ የተሻለ አለ። ሸንኮራ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የሚጨመቅበትን ጥላ፣ ምላሳችን ደርቆ፣ አለፍን። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደፊት ስንባል ስምንት ሰዓት ሆነ። በስተመጨረሻ ነዳጅ ማደያ ቆመን ደረቅ ዳቦ ገዛን። አጎቴ ሸቤ ዳቦውን ገልብጠው አዩትና የተሻለ ማደያ እንደሚያውቁ ነገሩን።

ከሚያውቋቸው ቤቶች ሁሉ በላይ ግን አንድ አለ። ከማሊንዲ አልፎ፣ ማምብሩይ የምትባል መንደር፣ ፍም ላይ ተጠብሶ የኮኮናት መረቅ የሚቀባ ዓሣ። ጎልማሳ ሳሉ በልተውታል። ከዚያ ወዲህ የቀመሱት ዓሣ ሁሉ ከዚያ ዓሣ ጋር ተወዳድሮ ወድቋል። ቤቱን ከእሳቸው ሌላ ያየ የለም። እኛ ቤት አንድ ሰው ሲዋሽ "ማምብሩይ ደርሰህ መጣህ?" ነው የሚባለው።

እንግዲህ እኒህን ሰው ነው ሽማግሌ አድርጌ የላክኋቸው።

ምን ላድርግ? አባቴን አላስታውሰውም፤ እናቴ ካለፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቀሩኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ቲማ ትባላለች፤ ማሊንዲ አስተማሪ ናት፤ የቀረውን አልናገርም፣ ምስጢር ጠባቂ ሆኜ ሳይሆን ስለምትቆጣኝ ነው። ጭንቁ እናቷ ነበሩ። ቢ ሞዛ የሠርግ ወጥ ሠሪ ናቸው፤ ማሊንዲ ውስጥ እሳቸው ያልቀቀሉት ሩዝ የተበላበት ሠርግ ግማሽ ሠርግ ነው። ቲማን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን አብልተው፣ አመስግነው፣ ባዶ እጃቸውን ሸኝተዋል። ከባሕር ማዶ ማስካት ሱቅ ያለው የአክስቷ ልጅ ደግሞ ሰዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት ሊልክ ነው፤ ሦስተኛው ካልሆነላቸው ለእሱ እሺ እንደሚሉ ቢ ሞዛ ተናግረዋል። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ዋዜማውን ቲማ ደወለች። "አጎትህ ይብሉ፣ ጥሩ ነው ይበሉ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ሦስት ነገር ነው፣ ሱዲ።"

"ሁለቱን ይችላሉ" አልኳት።

ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ መንገዱን ሙሉ አለማመድኳቸው። እኔ ዓሣው እንዴት ነው እላለሁ፤ እሳቸው ጥሩ ነው ይሉና አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ምትዋፓ ላይ ሦስት ጊዜ ወደቁ። ኪሊፊ ድልድይ ላይ አንድ ጊዜ አለፉ። ማሊንዲ ስንገባ ፈተና እንዳለበት ተማሪ ብቻቸውን ያጉረመርሙ ነበር።

በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚያገባው ልጅ ውስጥ አይገባም። ደጅ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ውስጥ የሚባለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔም ዕድሜዬን በሰው መስኮት ሥር ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ አልተቸገርኩም።

ቢ ሞዛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሳህኑን አስገቡ። የሰው ዕድሉ ሲጠም እንዲህ ነው፤ ዓሣ ነበር፣ ፍም ላይ ተጠብሶ የኮኮናት መረቅ የተቀባ። አጎቴ ቢስሚላህ አሉ። በሉ። ደገሙ። ቢ ሞዛ ከመጋረጃው ጀርባ ዓሣው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ።

"ጥሩ ነው" አሉ አጎቴ ሸቤ።

ዝም አሉ። እስከ ስድስት ቆጠርኩ።

"ግን" አሉ።

የቀረውን እኔው ከውጭ ልጨርስላቸው እችል ነበር። ጨርሰው ሲያበቁ ማስካት ያለው ሱቅ ታየኝ፤ ቲማ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ጨርቅ ስትለካ ታየችኝ።

"የት?" አለ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ድምፅ።

"ማምብሩይ።"

"ሩቅ ነው?"

"ትንሽ ወደፊት ነው።"

መጋረጃው ተገለጠ። ቢ ሞዛ አጭር፣ ክንዳቸው የጠነከረ፣ ድስት ሙሉ ሩዝ ብቻቸውን የሚያወርዱ ሴት ናቸው። ቲማን መደረቢያቸውን እንድታመጣ፣ የራሷንም እንድትለብስ አዘዟት። ደጅ ሲወጡ እኔን መደቡ ላይ አገኙኝ። "ሹፌሩ አንተ ነህ?" አሉኝ። ነኝ አልኩ፤ ያን ሰዓት ሌላ ማዕረግ የለኝም ነበር።

የሳባኪን ወንዝ ድልድይ አልፈን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ትንሽ ወደፊት ወደ ግራ። ትንሽ ወደፊት አሸዋ። አጎቴ ሸቤ አንድ የኒም ዛፍ ይፈልጋሉ፤ ማምብሩይ ደግሞ ከሰው የኒም ዛፍ ይበዛል። እኔ ዛፎቹን እየተሳደብኩ በመስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። ቲማ ሻሿን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። ቢ ሞዛ አይስቁም፤ ሠርግ ላይ የሌላ ሰው ድስት ሊከፍቱ እንደሚሄዱ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ዛፎች ሥር ቤት ካልተገኘ ነገሩ ማስካት ነው። በሆዴ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ወንድሟን እኮ ውሸታም ስል ነው የኖርኩት።

ቤቱ አለ።

እውነት ነው የምላችሁ። ኒም ዛፍ፣ የጭቃ ማድቤት፣ አራት ሰሌን፣ ማማ ዳማ የሚባሉ አሮጊት። ማማ ዳማ አጎቴን ጨርሶ አላስታወሷቸውም፤ አጎቴም ምንም ቅር አላላቸውም፣ እሳቸው የሚያስታውሱት ዓሣውን ነው። ሴቶቹ በአንድ ሰሌን፣ እኛ አጠገባቸው በሌላው ተቀመጥን። ሳህኑ መጣ።

ቢ ሞዛ ቆረሱ። አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተነስተው ማድቤት ገቡ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጡም። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ ይሰማ ነበር፣ ቆየት ብሎ ሲሳሳቁ። ቲማ ወደ እኔ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ ሁለቱን ይችላሉ ብለኸኝ ነበር አለችኝ። ቻሉ እኮ፣ ሦስተኛውን ነው የተሳናቸው አልኳት። አጎቴ ሸቤ ይሰማሉ፤ አጥንት እየለቀሙ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ቢ ሞዛ እጃቸው ጢስ ጢስ እየሸተተ ተመለሱ። "ጥሬ ማንጎ ነው" አሉ ሲቀመጡ። "እኔ ሃያ ዓመት ሎሚ ስጨምቅ!" ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ።

"ከእርስዎ በፊት ሁለት ሽማግሌ መጣ። አንዱ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዓሣ አልበላሁም አለኝ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ትቶ። ሌላው ገና ሳይቀምስ አመሰገነኝ። ስለ ልጆቻቸው የነገሩኝንም በዚያው ልክ አመንኩት። እርስዎ እቤቴ ተቀምጠው እንጀራዬን ነክተው ያልዋሹኝ ሰው ነዎት። እንግዲህ ስለዚህ ልጅ ደግሞ እንደ ዓሣው ይንገሩኝ።"

አጎቴ ሸቤ ስለ ሰውም ቢሆን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ሞምባሳ ውስጥ ከእኔ የሚሻል ወንድ ሞልቷል፣ አብዛኛውንም በስም ያውቁታል።

ጣቶቻቸውን ታጠቡ። አንድ በአንድ አደረቁ።

"ጧት አይነሳም" ብለው ጀመሩ። የሰማሁትን ሁሉ እንደማወራ፣ ሳወራም እንደምጨምርበት ነገሯቸው። ልብሴን እንደማላጥፍ፣ መኪና ስነዳ መንገዱን ትቼ አፌን እንደምነዳ ነገሯቸው። ቢ ሞዛ በያንዳንዱ ላይ ጨው እንደሚለካ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ቲማ ሰሌኑን ትነጭ ጀመር።

"እህቴ የታመመች ጊዜ" አሉ አጎቴ፣ "አሥራ አንድ ሳምንት አጥሚት ሠርቶላታል። በየቀኑ ጧት እየሄድኩ እቀምሰው ነበር።"

"እንዴት ነበር?" አሉ ቢ ሞዛ።

"መጥፎ ነበር። አንዳንድ ቀን ያረረ፣ አንዳንድ ቀን ጓል ነው። በስኳር ፋንታ ጨው የገባበት ቀን አለ፤ ሁለቱም የገቡበት ቀን አለ። እህቴ ምንም የማይወርድላት ሰው ነበረች፤ እሱ ግን በማንኪያ፣ እያወራ፣ የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ እየነገረ፣ አፏን በሳቅ እያስከፈተ ያጠጣት ነበር። ሳትጨርስ የቀረችበት ቀን የለም። እኔም ኩባያ ይዤ ነበር የምሄደው።"

ኩባያው ትዝ አለኝ። ሰማያዊ ነበር፣ ጆሮው የተሰበረ። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ይዘረጉልኛል፤ እቀዳላቸዋለሁ፤ እስከ ታች ይጠጡታል፤ ይነሳሉ፤ ይሄዳሉ። አንድ ቀንም ስለ አጥሚቱ ክፉም ደግም አልተነፈሱም። እኔ ደግሞ በሐዘን ምላሳቸው ጣዕም ያጣ መስሎኝ ነበር።

ቢ ሞዛ ቲማን አዩ። ቲማ ሰሌኑን አየች። ማማ ዳማ ከማድቤት ሌላ ዓሣ ይዘው መጡ፤ አጎቴ ሸቤ ሳይጠየቁ ተቀበሏቸው።

"ሠርጉ ወሩ ካለቀ በኋላ ባለው አርብ ይሁን" አሉ ቢ ሞዛ። "ልጄ ስትወልድ ግን አጥሚቱን የምሠራው እኔ ነኝ። እሱ ማድቤት ድርሽ እንዳይል።"

ቲማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አጎቴ ሸቤ አፋቸው ዓሣ እንደሞላ "አሚን" አሉ።