አፕዴት በወጣ ቁጥር የሚደውሉት የጥርስ ሐኪም

እስኪ ስልካችሁን አውጡና የፈለጋችሁትን ሶፍትዌር አስተያየት መስጫ ተመልከቱ። አምስት ኮከብ። አምስት ኮከብ። «አሪፍ ነው»። «ምርጥ»። አውራ ጣት። ከመሀል ግን አንድ ሰው ገጽ ሙሉ ጽፏል። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ፤ «የድሮው ምን ነበረው?» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሰው ያልወጣለት ሶፍትዌር ገና አልተሠራም።

አሮጌ ቪዲዮ በአዲስ ስልክ እንዲከፈት አድርጎ የሚቀይር ሶፍትዌር የሠራችው ፕሮግራመርም የራሷ ደርሷታል። የእሷው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። እንደሌላው ጽፈው ቢተዉ ምንኛ በታደለች! ክቡርነታቸው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ማንበቧን ለማረጋገጥ ይደውላሉ።

ሰማያዊውን ቁልፍ አረንጓዴ አደረገችው። ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ፣ ሰማያዊው ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም ጋሼ፣ ለዓይን እንዲመች ብዬ ነው።»

«የማን ዓይን ነው አቤት ያለው?»

ፊደሉን ብታተልቀው «ምነው እንዲህ ጮኽሽብኝ?»፤ ብታሳንሰው «ደግሞ ማንሾካሾክ ጀመርሽ?»። አንዴማ ምሳ ላይ ደውለውላት አፏ ሞልቶ ብትመልስ፣ ቅሬታቸውን አቁመው «በግራ ብቻ ነው የምታኝኪው፤ የቀኙን ለሐኪም አሳይተሽዋል?» አሏት። የሚያናድደው፣ የቀኙ እውነትም ያማት ነበር።

ከዚያ ትልቁ አፕዴት ወጣ። እንቅልፍ ያጣችበት ሥራ ነው፤ ረጅሙን ቪዲዮ ውሃ ፉት እስኪሉ ቀይሮ ያስረክባል። ኮከብ እንደ ዝናብ ወረደ። ስልኩ ጮኸ።

«ለምን ፈጠነ?»

«አቤት ጋሼ?»

«ፈጥኗል። ምን ዘሎ ነው የፈጠነው?»

ጥርሷን ነከሰች። ይህንንም ሳይሰሙት አልቀሩም። «መፍጠንም ጥፋት ሆነ?»

«ቪዲዮው ላይ የእናቴ አፍ ይቀድማል፣ ድምፅዋ ይከተላል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ የኖርኩ ነኝ፣ አታታልዪኝም።»

«ከእኛ በኩል ችግር የለም» አለቻቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር የፈጠረ ሰው እጁ አይባረክ።

በማግስቱ ፍላሻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ የቢሮዋን ደረጃ እያማረሩ («ይሄም አፕዴት ተደርጎ ነው?») ከች አሉ።

«እናቴ የተቀረጸችበት ካሴት ሻግቷል» አሉ ቁጭ ብለው። «ድምፅዋ የቀረው እዚህች ውስጥ ብቻ ነው። ለልጅ ልጆቼ ልልክላቸው ነው፤ አፏና ድምፅዋ ተኳርፈው ግን አልልክም።»

ቶሎ ልትገላገላቸው ፍላሹን ሰካች፣ ቀየረች፣ ከፈተች። አንዲት አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጠው በጣታቸው ካሜራውን ይገሥጻሉ። «ይሄ ነገር ይሠራል? አይመስለኝም። ብርሃኑ በዛ። ወደዚያ ዞር አድርገው። ያ የድሮው ካሜራህ ምን ነበረው?»

ፕሮግራመሯ ሳቋ አመለጣት። ዘር ነው ለካ! «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ…» ብላ ዞር ስትል ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ከእናታቸው ሳይነቅሉ፣ ያለ ድምፅ፣ ቃል በቃል አብረዋቸው ይሉ ነበር። የእናትና የልጅ ከንፈር እኩል ይከፈታል፣ እኩል ይዘጋል። ድምፁ ግን ከሁለቱም ኋላ እየተጎተተ ይመጣል።

ሳቋ ከሰመ። ለማፋጠን ብላ፣ ከአሮጌ ካሴት በተቀዳ ቪዲዮ ላይ ምስሉን እየዘለለ እንዲያልፍ ያደረገችው ራሷ ነበረች። ኮከቡን ካዘነቡት ሁሉ ይህን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

አስተካከለችው። ሶፍትዌሩም ቀርፈፍ አለ፤ እነዚያው ባለ ኮከቦች «ምነው ተንቀረፈፈ?» ብለው ኮከባቸውን ነጠቋት። ስልኩ ጮኸ።

«ገጠመ» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አረንጓዴው ግን…»

ከዚያ በኋላ በወጣው አፕዴት ቀኑ ቢጋመስም ስልኩ ጭጭ አለ። እፎይ ማለት ሲገባት ሥራ እንቢ አላት። በመጨረሻ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ምን ያጣድፍሻል? ገና እያየሁት ነው!»

እናንተ ሳትከፍቱ አምስት ኮከብ የምትጫኑ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዛሬ አንዱን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። ከዚያ ደውላችሁ አማርሩ።