ነፃ ገበያ በግቢያችን ቧንቧ

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ የወጣሁ ነኝ። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ዛሬም አላውቅም፤ ስለዚህ ደስ ያለኝን አስገብቻለሁ። ዘመኑ የነፃነት ነው ተብሎ የለ?

ሰው ስለ አገር ኢኮኖሚ ሲከራከር ውሎ በሰላም ቤቱ ከገባ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው ክርክሩን ግቢ ድረስ ይዞት የገባ እንደሆነ ነው።

እኛ ግቢ ይዘውት የገቡት ጋሽ ባህሩ ናቸው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ያለው በር የእሳቸው ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ስለ ዶላር ምንዛሬ፣ ስለ ነዳጅ ድጎማ፣ ስለ ዋጋ ቁጥጥር ሲሟገቱ ይውላሉ። አቋማቸው አንድ ነው፤ መንግሥት እጁን ከገበያ ያውጣ፣ ሰውም የልቡን በነፃነት ይናገር። በሁለተኛው እኔም ተቃውሞ የለኝም። ግን እኚህ ሰው የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። የወር ኪራያቸው ከማኪያቷቸው አይበልጥም። እሱንም ገበያው ይወስነው ሲሉ እስካሁን አልሰማሁም።

ውሃ እኛ ግቢ የምትመጣው ደስ ባላት ቀን ነው። ስለዚህ ወረፋ እንይዛለን። ሰው ራሱ አይቆምም፣ ጀሪካኑን ያቆማል። ጀሪካን ያጣ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ይከበራል። እማዬ የምትተዳደረው የሰው ልብስ በማጠብ ስለሆነ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፤ ጀሪካኖቿም ከፊት አይጠፉም ነበር።

አንድ እሑድ የግቢው ስብሰባ ላይ ጋሽ ባህሩ ተነሡ። ወረፋ ያለፈ ሥርዓት ትራፊ ነው አሉ። ከእንግዲህ የፊቱ ተራ ለጨረታ ይቅረብ፣ ገንዘቡም ለግቢው ይዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው አብልጦ ወደሚፈልገው ሰው በራሱ ይሄዳል አሉ። በራሱ መሄድ ቢያውቅበት ኖሮ መቼ ከቧንቧው ይጠፋብን ነበር? ንግግሩ ረዘመ። ፀሐዩ አናታችንን በሳው። እኛ አገር አልቆም ያለ ንግግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ይጨበጨብለታል። አጨበጨብን። እሳቸው ደግሞ «በጭብጨባ ጸድቋል» ብለው ቁጭ አሉ። እንዲያበቁልን ያጨበጨብነው ሕግ ሆኖብን አረፈ።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል? ጭማቂ ቤት ያላቸው እትዬ ስንቅነሽ ጨረታውን ሁልጊዜ ያሸንፋሉ፤ በርሜላቸውን ይደረድራሉ። የእኛ ተራ ሲደርስ ቧንቧው እንደ አስም በሽተኛ ሲስል እናገኘዋለን።

በዚያው ሰሞን እማዬ የሠርግ ቤት ልብስ ተቀብላ ነበር። የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ጨምሮ ቤቱ በነጠላና በጋቢ ተሞልቷል። ለሠርጉ ካልደረሰ ደንበኛዋም ይሄዳል፣ ስሟም ይጠፋል፤ እኛ ደግሞ ከእሷ እጅ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ሄዳ ለጋሽ ባህሩ አመለከተች።

«ትንሽ ታገሺ አለሚቱ፣ ገበያው ራሱን ያስተካክላል» አሏት።

«ጋሽ ባህሩ፣ ገበያው ራሱን እስኪያስተካክል ሙሽራዋ ትወልዳለች» አለቻቸው።

ሠርጉ ሲቃረብ ለምና ለምና ሌላ ስብሰባ አስጠራች። እማዬ ተናገረች፤ እትዬ ስንቅነሽ የእኔስ ሠራተኞች እንጀራ አይበሉም ወይ ብለው መለሱ፤ ጋሽ ባህሩ ስለ ሩቅ አገሮች ልምድ አብራሩ። አሁንም ረዘመ። በመጨረሻ፣ የሐሳብ ነፃነት ስላለ ያልተናገረ ካለ ይናገር፣ ካልሆነ ሕጉ ባለበት ይቀጥላል አሉ። እማዬ አንገቷን ደፋች።

እኔ ተነሣሁ።

እኔ ማለት እንግዳ ሲመጣ በር ሥር የምደበቅ፣ ዳቦ እንኳ ስገዛ በጣቴ የማሳይ ልጅ ነኝ። ግቢው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ተናገርኩ። ማንም አልሰማም። ድገሚው አሉኝ፤ ከፊተኛው ዝቅ አድርጌ ደገምኩት። አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ወልዴ ጆሯቸው ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሆኖም ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነቷን ነው፣ ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ምን ነበር ያለችው ብሎ የጠየቀ ሰው አልጠፋም። የእናቷ ልብስ በሳፋ ተከምሮ ወረፋው ይመለስ ከማለት ሌላ ምን ልትል ኖሯል ብለው ጮኹበት። ጋሽ ባህሩ ፊታቸው ቢጠቁርም፣ አቋም አቋም ነውና «በጭብጨባ ጸድቋል» አሉ።

ልብሱ ታጠበ፣ ተተኮሰ፣ ለሠርጉም ደረሰ። ጋሽ ባህሩ ዛሬ ፒያሳ ተቀምጠው የሐሳብ ነፃነት ዓይን አፋሯን እንኳ እንዴት እንደሚያናግር በእኔ ምሳሌ ያስረዳሉ አሉ። እማዬ ያን ድፍረት ከየት አመጣሽው እያለች ትስመኛለች።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። የተነሣሁት ስብሰባው ስለረዘመብኝ ነበር። ያልኩትም «የሽንት ቤቱን ቁልፍ ማን ይዞታል?» ነው።