በሰው አያት ኬላ ማለፍ

ደም በዓይኑ የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ኬላ ላይ ገጥሞኛል። ከጎረቤቴ ልጅ ከአብዲ ጋር ለሥራ ፈተና የስደተኞች ካምፕ ካለበት ከሸደር ወደ ጅጅጋ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። ሁለታችንም መታወቂያ አልያዝንም።

ፈታሹ እንደ ግመል ገዢ ፊታችንን አገላብጦ አየና፣ "የካምፕ ስደተኛ ትመስላላችሁ። የአገር ልጅ ከሆናችሁ አያት ቁጠሩ" አለ።

ስደተኛ አያት የለውም እንዴ? ካምፕ ያሉት የሶማሊያ ስደተኞች እኮ እስከ ሃያ አያት ይቆጥራሉ።

አብዲ አምስተኛው ላይ ተደናቀፈ። እኔ እስከ አስራ ሁለት ድረስ አንበለበልኩት። የማንን? የአብዲን አያቶች ነዋ። ልጅ ሆነን አባቱ ሲያስጠኑት እሱ ይኮረኮማል፣ እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ እሸመድዳለሁ። የራሴ አያት ከጎጃም የመጣ ወታደር ነው፤ ከሱ በላይ ማንንም አላውቅም።

"ይሄ ንጹህ ደም ነው፣ ይለፍ" አለ ፈታሹ። አብዲን አስወረደው። እውነቱን ልናገር ስል መኪናው ተነሳ። ዋሸኋችሁ፤ ሳይነሳም ዝም ብያለሁ።

ፈተናውን ብቻዬን ተፈተንኩ። ኬላውን ያለፈው የማን ደም እንደሆነ እስካሁን ግራ ይገባኛል። በማግስቱ አብዲ ደወለ።

"ሥራውን ውሰደው ወንድሜ" አለኝ፤ "አያቶቼን ግን መልስልኝ።"