የአቶ ኤልሮይ ባትሪ

ዕቃ የሚገዛው ስለሚያስፈልገው ሳይሆን ክርክሩ ስለሚናፍቀው የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ገበያ አብራችሁት ስትወጡ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታችሁ የማታውቁት የምትመስሉት ሰው ነው። ከሚልዋኪ ከተማ በስተደቡብ ያለው የእኛ ሰፈር ይህን ሹመት የሰጠው ለአቶ ኤልሮይ ዶምቤክ ነው፤ እስከ ዛሬ የተፎካካሪ ያለህ ቢባል አልተገኘም።

ክቡርነታቸው የጋብቻ ቀለበት ሲገዙ ተከራክረው በግማሽ ዋጋ ወስደዋል። ስብከቱ ቢያጥር የሠርጉ ክፍያም አብሮ ያጥር እንደሆነ ቄሱን ጠይቀዋል። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ ናቸው። ውሻቸውን እንኳ አንድ ጆሮው ስለወደቀ በቅናሽ ነው የገዙት፤ ጆሮው በወሩ ሲቆም ግን ልዩነቱን ልክፈል አላሉም።

ዓርብ ማታ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥግ ላይ ካለው መሸታ ቤት ጥብስ ዓሣ እንበላለን። ወይዘሮ አርዲስ አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ግራኝ ስለሆኑ በበሉ ቁጥር ክርናቸው የጎን አጥንቴን ይፈልጋል። አቶ ኤልሮይ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓሣቸውን እንደ ዳኛ ያገላብጣሉ። አንድ ጊዜ ጠርዟ አርራለች ብለው ባለቤቱን አስጠሩ። “ያረረ ነገር ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው” አሉት፤ ሃምሳ ሳንቲም ቀነሰላቸው። ከዚያ ያረረችውን ጠርዝ መጀመሪያ በሏት።

ዋናው ግዛታቸው ግን የድሮ ፒንቦል ነው። አራት እግር ያለው ሣጥን፣ ላዩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር የምትሮጥ የብረት ኳስ፣ ኳሷ ጉድጓድ እንዳትገባ የሚመልሷት ሁለት ትናንሽ ክንፎች። ድሮ በየመሸታ ቤቱና በየቦውሊንግ አዳራሹ ይህ ነገር ሌሊቱን ሲያንቃጭል ያድር ነበር። ሲያረጅ ባለቤቶቹ “ብቻ ውሰዱልን” እያሉ ሲጥሉት፣ እንደ አቶ ኤልሮይ ያሉ ሰዎች ሚስቶቻቸው እያዩ ወደየምድር ቤታቸው ተሸከሙት። ዛሬ በልጅነታቸው በላዩ ሳንቲም የጨረሱት ሰዎች ጡረታና የጉልበት ሕመም አብሮ መጣላቸውና ልጅነታቸውን መልሰው መግዛት ፈለጉ። ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት በወረርሽኙ ዓመት ደግሞ ዋጋው ጭራሽ አበደ። ድሮ የሚያነሳው ሰው የሚመረቅበት ሣጥን ዛሬ በመኪና ዋጋ አይገኝም።

አቶ ኤልሮይ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት አላቸው። ሃይማኖታቸውም ሁለት አንቀጽ ነው። ሲገዙ፣ ዕቃው ሁሉ እንጨት ነው። የእጅ ባትሪያቸውን ያበራሉ፣ እንደ መካኒክ በጀርባቸው ተንጋለው ከሣጥኑ ሥር ይገባሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፦ “ይቺ ጭረት ሃምሳ ዶላር ናት። ይቺ ደግሞ እህቷ ናት።” ሻጩ በመጨረሻ ዕቃውን የሚሸጠው ለማሳረፍ ነው፤ ዕቃውን ይሁን ራሱን አይታወቅም። ያ እንጨት የቤታቸውን ደፍ ባለፈ ማግስት ግን ወርቅ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉልኛል። እዚህ ወይም እዚያ ከተማ አንዱ በስንት እንደተሸጠ ይነግሩኝና፣ “ይህ እኮ ገና ጅማሬው ነው” ብለው ይዘጋሉ።

የሸጡት ግን አንድም የለም። “የሚሸጥ ሰው ነገ የሚያለቅስ ሰው ነው” ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ ማለት ይህ ነው። በጣሪያቸው ቀዳዳ ዝናብ ይገባል፤ ወይዘሮ አርዲስ ባልዲ ደቅነውበታል። ከባልዲው ሥር፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ትንሽ ቤት ዋጋ ተደርድሯል።

ይህ ሁሉ ስስት ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ግን ከሁለተኛው ቢራ በኋላ አቶ ኤልሮይ ነገሩን ነገሩኝ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት በሰፈሩ ቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ “የጨረቃ ሰርከስ” የሚባል ጠርዙ የእንጨት የሆነ ፒንቦል ነበር፤ በዚያን ጊዜም አሮጌ ነበር። አንዲት ሲጋራ የያዘች ልጃገረድ መጥታ ልሞክር አለች። ሲጋራዋን ጠርዙ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ አሸነፈቻቸው። ሲጋራው ተረስቶ እንጨቱን አቃጠለው፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠባሳ ጣለበት። ልጅቷ አርዲስ ነበረች። አዳራሹ ሲዘጋ ዕቃው ተሸጦ የት እንደገባ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አቶ ኤልሮይ “የጨረቃ ሰርከስ” አለ በተባለበት ሁሉ ባትሪያቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ያንን ጠባሳ ፍለጋ ነው። እሳቸው በፈለጉት ቁጥር ዋጋው ይቀድማቸዋል። የዋጋውን ነገር እንደ አየር ትንበያ የሚከታተሉት ለዚህ ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ይህ ሁሉ ሲወራ ዓሣቸውን ይበሉ ነበር፤ ክርናቸው ብቻ ትንሽ ቀነስ አለልኝ።

ባለፈው የጸደይ ወራት ሌስተር ኬሰኒክ የተባለ የፒንቦል ሰብሳቢ ሞተ። ሌስተር ገዝቶ የሚሸፍን፣ ለማንም የማያሳይ ሰው ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት፣ ነጋዴ ሳይገባ በፊት ጓደኞቹ ሄደው ዕቃውን ከምድር ቤት ተሸክመው ለሚስቱ ያወጡላታል። በምላሹ የመግዛት ቅድሚያው ወገቡን እስኪያመው ለተሸከመ ነው። እኔ ፒንቦል አልሰበስብም፤ ፒክአፕ መኪና ስላለኝ ብቻ የማልጠራበት ኀዘን የለም።

ወይዘሮ ቨርና፣ የሌስተር ሚስት፣ መብራት አብርተው ወደ ታች መሩን። ጥግ ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሣጥን ነበር። አቶ ኤልሮይ ብርድ ልብሱን ገልጠው ባትሪያቸውን አበሩ። የጨረቃ ሰርከስ። ብርሃኑ በቀኝ ጠርዙ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ቡናማ ጠባሳ ነበር፤ ባቄላ የሚያህል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጭረት አልቆጠሩም፤ ከሥሩም አልተንጋለሉም።

ወይዘሮ ቨርና እጃቸውን እያፍተለተሉ፣ “ለዚህኛው አራት መቶ ዶላር ብጠይቅ ይበዛ ይሆን?” አሉ።

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደባት ቅጽበት ነበረች። “ሦስት መቶ ሃምሳ” ቢሉ አለቀ። “እሺ” ቢሉም አለቀ። አቶ ኤልሮይ አፋቸውን ከፈቱ።

“ቨርና፣ አብደሻል እንዴ? ይህ እኮ ዘጠኝ ሺህ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ዛሬ ማለቴ ነው። ለከርሞማ በዚህም አይገኝ። ይህ እኮ ገና ጅማሬው ነው።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያሉት ነገር የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው፤ ባትሪዋን ሲያጠፉ አየሁ። ወይዘሮ ቨርና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኀላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ የተነገራቸውን ይሰማሉ። አመስግነው፣ እንግዲያው ዘጠኝ ሺህ ይሁን አሉ። አንድ የቺካጎ ነጋዴ እየደወለ አስቸግሯቸዋል፤ እሑድ ከሰዓት ይመጣል። እስከዚያ ግን ለኤልሮይ ያቆዩለታል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሳለን የትራፊክ መብራት ሲይዘን፣

“አራት መቶ ነው ያለችው፣ አይደል?” አሉ።

“አዎ።”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም ቢሉ ኖሮ?”

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ “ዋጋው እሱ አይደለማ” አሉኝ።

እንግዲህ የሚሸጥ ሰው ነገ የሚያለቅስ ሰው ነው ያሉት አቶ ኤልሮይ፣ በዚያ ሳምንት ሁለት ሸጡ። አንዱን አንድ የጥርስ ሐኪም ወሰደው። ሌላውን እኔ ልውሰድ አልኩ። የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር፤ ብቻ እሑድ እየቀረበ ነበር። ሦስት ሺህ አምስት መቶ አሉኝ። ቼኬን አወጣሁ።

ፊታቸው ተለወጠ። “ምን ማድረግህ ነው?”

“ልከፍል ነዋ።”

“ዝም ብለህ? ሳታይ? ባትሪህ የታለ?”

ባትሪ እንደሌለኝ ስነግራቸው የራሳቸውን ሰጡኝና ከሣጥኑ ሥር አስተኙኝ። ከላይ ሆነው ይመሩኛል። ያቺን ዝገት አየኋት ወይ? ለምን ዝም እላታለሁ? የኋላ እግሩ የዚህ ዕቃ እንዳልሆነ አላስተዋልኩም? እኔ “እሺ፣ መቶ ዶላር ይቀነስልኝ” ስል፣ “መቶ? ለእግር? አያፍሩም እንዴ በለኝ እንጂ” ይሉኛል። እንደዚህ እያሉ የእኔን ክርክር እሳቸው ተከራክረውልኝ፣ ለራሳቸው ተናደው፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዕቃውን ከራሳቸው ገዙልኝ። መጀመሪያ ያሉኝን ልክፈል ብል፣ ቤቴ ውስጥ ትሰድበኛለህ ወይ ብለው ቼኩን ቀደው መለሱልኝ።

በዚህ ጀግንነታቸው ምክንያት ገንዘቡ ጎደለ። ጉድለቱን የሞሉት ወይዘሮ አርዲስ ናቸው፤ ለጣሪያው ያጠራቀሙትን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አቶ ኤልሮይ ጣሪያውስ ሲሉ፣ “ባልዲው ገና አልሞላም” አሏቸው።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ቨርና በር ላይ ጠበቁን። ሕሊናቸው አላስተኛቸውም መሰለኝ። የቺካጎው ሰውዬ በስልክ አንድ ነገር ነግሯቸዋል፤ ሲጋራ ያቃጠለው ከሆነ አንድ ሺህ ይቀነሳል ብሏል። “ስለዚህ፣ ኤልሮይ፣ ስምንት ሺህ ብትሰጠኝ ይበቃል” አሉ።

ቅናሹ ሳይለመን፣ ሳይታገሉት፣ በራሱ እግር መጥቶ ፊታቸው ቆመ። አቶ ኤልሮይን አየኋቸው። ያረረ ዓሣ ትዝ አለኝ።

“የለም” አሉ። “ያ ጠባሳ ዋጋ አይቀንስም።”

ዘጠኙን ሺህ በልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ቆጥረው አስቀመጡ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ “በል፣ በእግሩ በኩል ያዝ” አሉኝ።

ሣጥኑን ቤታቸው አውርደን፣ ገመዱን ሰክተን፣ መብራቱ ሲበራ ወይዘሮ አርዲስን ጠሯቸው። ወይዘሮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወረዱ። አቶ ኤልሮይ ባትሪዋን ጠባሳው ላይ አበሩ።

“ታስታውሻለሽ?”

ወይዘሮ አርዲስ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ዳሰሱት። ረዥም ጊዜ ወሰደባቸው።

“አስታውሳለሁ” አሉ።

አቶ ኤልሮይ እንደ ጎረምሳ ደረጃውን ሮጠው ወጡ፤ ለከተማው ሁሉ ሊደውሉ ነው። ወይዘሮ አርዲስ እርምጃቸው ከላይ እስኪሰማ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የእኔ አይደለም” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ጠባሳው ነዋ። እኔ ግራኝ ነኝ። ሲጋራዬን ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር የማስቀምጠው።”

የግራውን ጠርዝ አየሁት። አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ክርናቸው የሚያርፍበት ጎኔ አመመኝ።

“ታዲያ ይነግሯቸዋል?”

“አብደሃል?” አሉኝ። “የቀለበቴን ዋጋ በግማሽ ያስቀነሰ ሰው እኮ ነው። ለእኔ ብሎ ሳይከራከር የከፈለው ይህን ብቻ ነው።”

ይህን ብለው መነጽራቸውን በሽርጣቸው ወለወሉ፤ ዓይናቸውንም አብረው። ከዚያ ኳሷን ለቀቁና መጫወት ጀመሩ። ዛሬም እጃቸው አልዛለም።

እነሆ አሁን ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የኋላ እግሩ የራሱ ያልሆነ ፒንቦል ቆሟል። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። ዋጋው ወደ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ደርሷል፣ እንዳልሸጥ፣ ይህ እኮ ገና ጅማሬው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሳይደውሉ ረፈደ። ምን አገኛቸው ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ ሳላስር ሄድኩ። ምድር ቤት ተደብቀው ነበር። ወይዘሮ አርዲስ እያሸነፏቸው ነበር፤ አቶ ኤልሮይ ከወይዘሮዋ ነጥብ ላይ እንዲቀነስላቸው ይከራከራሉ። ተመልሼ የወጣሁት ሳያዩኝ ነው፤ ደስ ስላለኝም ይሁን ስላፈርኩ አላውቅም።

ይህን ምስጢር በጋዜጣ ላይ ለማውጣት እንዴት እንደደፈርኩ የሚጠይቀኝ ይኖራል። አቶ ኤልሮይ ይህን ጋዜጣ አያነቡም። ሃያ አምስት ሳንቲም የጨመረ ዕለት ቢሯችን ድረስ መጥተው ተከራክረው ስላልተቀነሰላቸው ትተውታል። እኔም ዋጋው እንዳይቀንስ አዘጋጁን በየሳምንቱ እለምናለሁ። እናንተ ጎረቤቶቼ ግን አደራ፤ ካገኛችኋቸውና ያንን ጠባሳ በባትሪ ካሳዩአችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ ትንሽም ቆዩበት።