ዛጎል ከውጭ ያስመጡት ኢንጂነር

ከውጭ የመጣ ሁሉ የሚያስጎመጀው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መልካ ወረር ላይ አንድ ኢንጂነር አሉን። የአዋሽን ወንዝ ውሃ እያጣራ የሚኖረውን ባለ ዛጎል እንስሳ «ሰነፍ ነው» ብለው ናቁትና፣ የመስኖውን ውሃ ያጠራል የተባለ የውጭ ዘር አስመጥተው ቦዩ ውስጥ ለቀቁ። እንግዳው ምን ገዶት! የአገሬውን ዛጎል ቀለብ ጨረሰ፤ ከረሃብ ከተረፉት ጥቂቶች ጋርም ተዳቅሎ ንጹሑን የአገር ዘር አሳጣን። ይባስ ብሎ የፓምፑን ቱቦ ደፈነና ጥጣችን በቆመበት ደረቀ።

ስብሰባ ተጠራ።

«ምን ያስደነግጣችኋል? ዛጎሉን የሚበላ ዓሣ ከውጭ አዝዣለሁ» አሉ ኢንጂነሩ።

«ዓሣውስ ቢበዛብን?» አልኳቸው።

«እሱንም የሚበላ እናስመጣለን!»

«ኧረ ለዚህስ አዋሽ ውስጥ አዞ ሞልቶናል።»

ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«አዞማ የአገር ውስጥ ነው!»